ሐኪሜ ቻርጅ ላይ ነው

አዲስ አበባ መሃል ቆሞ «ሐኪም አጣሁ» የሚል ሰው ካለ፣ የሞባይል ካርድ ጨርሷል ማለት ነው። በሌሊት ተነስቶ መሰለፍ፣ ካርድ ማውጣት፣ በባዶ ሆድ ደም ሰጥቶ ውጤት እስኪመጣ አግዳሚ ላይ ማንጎላጀት፣ ይህ ሁሉ ለኋላ ቀሮች ነው። አሁን ሐኪሙ ራሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ድረስ ይመጣል። ጣት ሳይወጋ ያክማል። ክብር ይስጥልን!

የእኔ ዶክተር ነጭ ጋውን ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ጣል አድርጎ ነው ቲክቶክ ላይ ላይቭ የሚገባው። ክፍሉ ውስጥ ከእሱና ከስልኩ በቀር ማንም የለም። በማዳመጫው የማንን ልብ ሊያዳምጥ እንደሆነ ሲከነክነኝ ከረመ፤ ግን እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? የምን ዶክተር እንደሆነም ነግሮን አያውቅም። የሰው ይሁን የከብት፣ የታሪክ ይሁን የአፈር፣ ዶክተር ዶክተር ነው።

ባለፈው አንዲት ሴት «ዶክተር፣ የእኔ ስኳር 280 ነው፣ እግሬን ያቃጥለኛል» ብላ ጻፈች። ዶክተራችን መጀመሪያ ከሐዋሳ ሰላም ላለው አጸፋውን መለሰ። ቀጥሎ ሮዝ የላከለትን አመሰገነ። ከዚያ ወደ 280ዋ ዞረና «እህቴ…» ሲል አብሽር ሊላት ነው ብዬ ነበር። «አብሽ!» አላት። «ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ አንድ ስኒ።» በቃ፣ አለቀ። ዕድሜዋን አልጠየቀ፣ የምትወስደውን መድኃኒት አልጠየቀ፣ የተለካችው ሳትበላ ይሁን ከምሳ በኋላ አልጠየቀ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በየትኛው ጤና ጣቢያ ይገኛል?

እነዚያ መደበኞቹ ሐኪሞችማ ቁጥር ይወዳሉ። ሳይበሉ ተለክቶ ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ100 እስከ 125 አፋፍ ላይ ነህ፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ተደግሞም ከተገኘ ስኳር ነው ይላሉ። አልበቃ ብሏቸው የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳብቅ ኤዋንሲ የሚባል ምርመራ ያዛሉ። ሰው ለቀጠሮው ብሎ ሦስት ቀን ጨዋ ሆኖ ቢሰነብት እንኳ አያመልጣቸውም። ቲክቶክ ላይ የሚወጡ እውነተኛ ሐኪሞችም አሉ፣ አልካድኩም። ግን ምን ይላሉ? መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፣ እግራችሁን በየቀኑ እዩ፣ ዓይናችሁን በየዓመቱ አስመርምሩ። ይህን ብሎ ማን ሼር ይደረጋል?

የእኛ ሰው ግን «ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ስኳር አይጨምርም» ይላል። ንብ ዋሽታ ታውቃለች? ሐኪም ለስኳር የሚያዘውን ክኒን ደግሞ «ሜትፎርሚን ኬሚካል ነው፣ ኩላሊት ይጨርሳል» ይለዋል። ኩላሊት የሚጨርሰው ዓመታት ሙሉ ልጓም ያጣው ስኳር ራሱ መሆኑን፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ሐኪሙ የሜትፎርሚኑን መጠን እንደሚቀንስ ወይም እንደሚያቆም ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሜትፎርሚን ራሱ ዘሩ ጋሌጋ ከሚባል ተክል ይመዘዛል። ፈረንሳይ ውስጥ ለስኳር ሕክምና መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ቅጠል ከሆነ አይቀር ይኸው ቅጠል ነበረልን፤ ችግሩ ክኒኑ ርካሽ ነው፣ ሞተረኛም አያስሮጥም። የዶክተራችን የአብሽ ዱቄት በማሰሮ 1,800 ብር ነው። በቴሌብር ከላኩ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ያመጡልዎታል።

እነዚያን ካናዳውያን ሳስብ ታዲያ ያሳዝኑኛል። የደም ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊንን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ አገኙ፤ በዓመቱ ስኳር ይዞት በረሃብ ብቻ ዕድሜው ይራዘም የነበረ የ14 ዓመት ልጅ ተወግቶ ከሞት ተረፈ። ከዚያስ? የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። ማሸግ እንኳ አያውቁም።

የጎረቤታችንን የጋሼን ነገር ላንሳ። ጡረተኛ ናቸው፤ ስኳር ከያዛቸው ቆየ። ክትትል ቀርተው ሳያቸው «ጋሼ፣ ሐኪም ጋ አልሄዱም እንዴ?» አልኳቸው። «ሐኪሜ ቻርጅ ላይ ነው» አሉኝ፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰካው ስልክ በአገጫቸው እየጠቆሙ። ሜትፎርሚኑን ጥለው ዱቄቱን ይዘዋል። ሌላዋን የስኳር ክኒን፣ ግሊቤንክላማይዷን ግን «ለማንኛውም» ብለው አላቋረጡም። ይህቺ ፍሬ ሆድ ይሙላ አይሙላ ግድ የላትም፤ ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ ብላ ታስጨንቃለች። ጋሼ ደግሞ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ።

አንድ ቀን ወደ 8 ሰዓት ግድም ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ አብረን ተሳፈርን። ወያላው ሂሳብ ሲል ጋሼ ከፈሉ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ከፈሉ። ጥቁር አንበሳ ጋ ስንደርስ ሦስተኛ ብር ሲዘረጉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ በላብ ርሷል። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ሙቀት መስሎኛል። ወያላው ግን ብሩን መለሰና ትክ ብሎ አያቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሂሳብ ሦስቴ የሚከፍል ጤነኛ የለም።

«አባት፣ ስኳር አለብዎት? እናቴንም እንዲህ ያደርጋታል።» ከወንበሩ ስር የራሱን ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ አወጣ።

«ዶክተሩ መርዝ ነው ብሏል… ደግሞም ጾም ነኝ።»

«ይጠጡ፤ ኃጢአቱ በእኔ።»

ጠጡ። የወረደ ስኳር ከ70 በታች ሲሆን 15 ግራም ያህል ስኳር ሰጥቶ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው ደንቡ። ወያላው ግራሙን አያውቅም፤ ግማሹን ጠርሙስ ግን ያውቃል። ፒያሳ ስንደርስ ጋሼ ወደ ራሳቸው ተመለሱና ለምን መስኮት እንደተከፈተ ጠየቁኝ። ፍሬዋ ረጅም ሰዓት ስለምትሠራ ለስላሳው ብቻውን እንደማይዘልቅ አንድ ፋርማሲስት ነገረን። ምግብ አስቀመስኳቸው፣ ጣታቸው ተወግቶ ተለኩ፣ በግድ ሐኪም ዘንድ ሄድን።

ማታ ላይቩን ከፍተው አገኘኋቸው። ፊደል በፊደል እየለቀሙ «ዶክተር ዱቄቱ ላብ ያመጣል ወይ» ብለው ጻፉ። መልሱ ሴኮንድ አልፈጀም።

«መርዙ እየወጣ ነው አባቴ፣ ቀጥል!»

ወዲያው በስክሪኑ ጠርዝ ቀያይ ልቦች እየተግተለተሉ ወደ ላይ ይወጡ ጀመር። ማዳመጫው የማንን ልብ እንደሚያዳምጥ ያን ጊዜ ገባኝ።