ማስተካከያ፦ «ሦስቴ እምቢ ካለ ተዉት» ያልኩት ስህተት ነው

አትክልት አንበላም ስለሚሉ ትንንሽ ልጆች ቀደም ሲል ስጽፍ፣ «አንድን አትክልት ሦስት ጊዜ ሰጥታችሁት እምቢ ካለ አይወደውም ማለት ነው፤ ተዉት» ብዬ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም።

በሕፃናት አመጋገብ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ሆኑ የሕፃናት ሐኪሞች ምክር እንደሚሉት፣ አንድ ልጅ አዲስ ጣዕም እስኪለምድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። አንዳንዱማ ከዚያም በላይ ይፈጃል። መቅመስ ሲባል ታዲያ ሳህን ሙሉ መብላት አይደለም። የአተር ፍሬ የምታህል ቁራሽ ትበቃለች። አፉ ውስጥ አድርጎ ቢተፋትም ተቆጥራለች፤ ወለሉን የሚያጸዳው ሰው ባይስማማም። በዚያ ላይ 2 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው አዲስ ምግብ መሸሽ የዕድገት ጠባይ ነው። የልጁ አመል መክፋት አይደለም።

ስለዚህ እኔን ሰምታችሁ ዱባውን ወይም ብሮኮሊውን ከገበታ ያስወጣችሁ፣ መልሱት። በየጥቂት ቀኑ ከሚወደው ምግብ አጠገብ ትንሽ አድርጉለት። እናንተም እያየ ብሉት። ካልፈለገ ዝም ብሎ ማንሳት ነው። ማስገደድም ሆነ «ይህን ከጨረስክ ከረሜላ» ማለት አትክልቱን ይበልጥ ሊያስጠላው ይችላል።

እግረ መንገዴን፦ እዚያው ላይ «ጥሬ ካሮት ስጡት» ብዬ በደፈናው አልፌ ነበር። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጠንካራ ጥሬ ካሮት ሊያንቀው ይችላል። እስኪለሰልስ ቀቅላችሁ በቀጭኑ ቁረጡለት።