ለደሴ ሰው፦ የናፈቃችሁትን ብርሃን ያጠፋው ማን ነው?

የደሴ ነዋሪዎች ሆይ፣ ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ወደ ከተማው በወረደ ቁጥር ቡና ላይ የምታነሡት አንድ ወሬ አለ፤ የድሮው አምፖል ቤት ያሞቅ ነበር፣ አሁን ግን መብራቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ ትላላችሁ። ቅሬታችሁ መሠረት የለውም አልልም። ያኔ ባለሱቁ ፊት ቆመን ባለ 25፣ ባለ 40፣ ባለ 60 ወይም ባለ 100 ሻማ እያልን እንመርጥ ነበር፤ ሽቦው ወለል ብሎ የሚታይበት ጥርት ያለ አምፖል፣ ብርሃኑን የሚያለዝበው ወተት መሳይ፣ የሻማ ነበልባል ቅርጽ ያለው የጌጥ አምፖል፣ ለመኝታ ቤት የምትሆነው ትንሿ ቀይ፣ ሁሉም የየራሳቸው ቦታ ነበራቸው። ሲቃጠልም ወዲያው አይጣልም፤ ጆሮ አጠገብ ነቅነቅ ሲያደርጉት የተበጠሰው ሽቦ ሲንኳኳ ይሰማል፣ አምፖሉን እያጋደሉ ሁለቱን ጫፎች አገናኝተው መብራት ሲሰጡትም አንዳንዴ ተበይዶ ይበራል፤ ሽቦው ስላጠረ ደግሞ ከቀድሞው ደምቆ ጥቂት ጊዜ ያገለግልና ለሁለተኛ ጊዜ ይሞታል።

ሆኖም ናፍቆታችሁ እውነቱን እንዲሸፍን አትፍቀዱለት። «የድሮ ዕቃ ዕድሜ ነበረው» የምትሉት ለዚህ ዕቃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1924 ኦስራምና ፊሊፕስን ጨምሮ ታላላቅ አምራቾች ፌቡስ በተባለ ኅብረት ተሰባስበው የአንድን አምፖል ዕድሜ በ1,000 ሰዓት ወሰኑት፤ አምፖሉ ከዚያ በላይ የቆየለትንም ፋብሪካ ይቀጡ ነበር። በዚያ ላይ ከሚበላው ኃይል አብዛኛው የሚወጣው በሙቀት መልክ ነው፤ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ አይሞላም። ባለ 60 ሻማው፣ ማለት ባለ 60 ዋቱ፣ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል፣ ተቀራራቢ ብርሃን የሚሰጠው የዛሬው ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ግን 1.35 ብቻ። ጫጩት ለሚያሞቅ ሰው ካልሆነ በቀር፣ በየወሩ ካርድ እየሞላ ስለ ዋጋ የሚያማርር ሰው ወደዚያ እንመለስ ማለቱ አይገባኝም።

የምገሥጻችሁ ግን በዚህ አይደለም። የናፈቃችሁ የአምፖሉ ቀለም ነው፣ ቀለሙም ከገበያ አልጠፋም፤ የተዋችሁት እናንተ ናችሁ። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የአሮጌው አምፖል ብርሃን 2,700 ኬልቪን አካባቢ ነበር፤ ይኸው ቁጥር ዛሬም በኤልኢዲ ካርቶን ጎን ላይ ታትሞ ይገኛል፣ የሻማ ቅርጽ ያላቸውና የድሮውን ሽቦ የሚመስል ክር የሚታይባቸውም ይሠራሉ። እናንተ ግን ካርቶኑን ሳታገላብጡ 6,500 የተጻፈበትን፣ ሰማያዊ ያዘለውን ነጭ ገዝታችሁ ሳሎናችሁን እንደ መድኃኒት ቤት ታስመስላላችሁ። ለምን ብትባሉ ጎረቤት ያንን ስላደረገ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በገመድ ታንቃ ሞተች የተባለው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ብርሃን ሌሊቱን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን እንደሚቀንስ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል ሰቅላችሁት ልጁ አልተኛ አለ ትላላችሁ። የቡናው ረከቦት፣ የእጣኑ ጭስ፣ የእንግዳው ፊት ሁሉ በዚያ ብርሃን ሲገረጣ እያያችሁ ጥፋቱን በዘመኑ ላይ ታላክካላችሁ።

በአሮጌው አምፖልና በኤልኢዲው መካከል የመጣውን ባለ ጠምዛዛ ቱቦ ቆጣቢ አምፖልም የሸኛችሁበት መንገድ ያሳፍራል። ውስጡ ጥቂትም ቢሆን መርዛማው ሜርኩሪ እንዳለበት እየታወቀ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ቦይ ትጥሉታላችሁ፣ ልጆችም በድንጋይ ይመቱታል። ቤት ውስጥ ከተሰበረ መስኮት ክፈቱ፣ በመጥረጊያ አታቡንኑት፣ ስብርባሪውን በወፍራም ወረቀት ዝቃችሁ፣ የቀረውን በእርጥብ ወረቀት አንሥታችሁ በተዘጋ ዕቃ አኑሩት።

ባለሱቁ ነጩን ብቻ ያመጣል የሚለውን ማመካኛ አልቀበልም፤ ነጋዴ የሚያመጣው የሚጠየቀውን ነው፣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ባሉ ሱቆች ደግሞ «የሚደምቀውን ስጠኝ» ከሚል በቀር ቁጥር የሚጠይቅ ደንበኛ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ለሳሎንና ለመኝታ ቤት 2,700 ወይም 3,000፣ ሽንኩርት ለሚከተፍበት ወጥ ቤት 4,000 ብላችሁ ጠይቁ፤ የለም ካላችሁ አስመጣ በሉትና ነጩን ሳትገዙ ውጡ።