ብቻህን ለመሆን ስንት ሰው ታስፈቅዳለህ?

ጎንደር ውስጥ በር በጠራራ ፀሐይ ተዘግቶ ከታየ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ሰው ተጣልቷል፣ ወይ ለቅሶ ተሂዷል። «ሥዕል እየሳለ ነው» የሚል ምክንያት እስካሁን አልተመዘገበም።

እኔ ሰዓሊ ነኝ። የምኖረው አራዳ አካባቢ፣ ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ በር። መስኮቱ ብርሃን ያስገባል፤ በሩ ሌላውን ሁሉ።

እኛ አርቲስት ነን ባዮች ስንገናኝ የምናወራው ስለ ብቸኝነት ነው። ፒያሳ አንዱ በረንዳ ላይ ተሰብስበን፣ ማኪያቶ ይዘን፣ ከረፋድ እስከ ምሽት «የጥበብ ሰው ብቻውን መሆን አለበት» ስንባባል እንውላለን። አንዱ ጓደኛችን ያለ ጸጥታ መሥራት እንደማይችል ሲያስረዳ ጠረጴዛ ይደበድባል። ብቻውን ተክዞ የተቀመጠበትን ፎቶም ፌስቡክ ላይ ለጥፏል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከጎኔ ቆመው «ትንሽ ቀና በል» የሚሉት ደግሞ ሌሎቹ።

በሩን ዘግተህ ሥራ ስትጀምር የሚሆነውን ልንገርህ። መጀመሪያ ልጅ ይላካል። «ጋሼ፣ እማማ ቡና ጠጣ ብለውሃል።» «ሥራ ይዣለሁ፣ መጣሁ በላቸው» ትላለህ። አቦል ያልፋል። በቶና ሲኒው ራሱ ይመጣል፤ በማስቀመጫ ተከድኖ፣ ፈንዲሻው በሌላ እጅ ተይዞ። ልጁ ቀለም ያልነካው ቦታ ፈልጎ ሲያጣ ከተርፔንታይኑ ጣሳ አጠገብ ያስቀምጠዋል። በበረካ ደግሞ እማማ ራሳቸው ይገባሉ።

«ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አይ እማማ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራማ ሰው ወጥቶ ነው እንጅ የሚሠራው።»

ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ከእጅህ ወጥቷል። ማታ ግቢው ይመክርብሃል። ዓይነ ጥላ ነው የሚል አለ። ሴት ከድታው ነው የሚል አለ። ዕዳ ቢበዛበት ነው የሚልም አይጠፋም፤ የዚህኛው ግምት ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ሰንበት ብሎ ክርክሩ የት ጠበል ይወሰድ ወደሚለው ይዞራል። ጎንደር ደግሞ የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናት፤ አማራጭ አይጠፋም።

ነገሥታቱም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ዋና ከተማ ያደረጉት ዐፄ ፋሲል ያሠሩት ነው የሚባል፣ ዙሪያውን ገንዳ የከበበው ፎቅ ቤት አለ። ሰው ብቻውን መሆን ፈልጎ ውኃ መሃል ቤት ከመሥራት በላይ ምን ማድረግ ይችላል? በዚህ ጉዳይ እኔ ከንጉሡ ጎን ነኝ። ውጤቱን ግን እዩት። በየዓመቱ ገንዳው ከቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። ለከተራ ታቦታቱ እዚያው ወርደው ያድራሉ። ጥር 11 ጠዋት ውኃው እንደተባረከ ጎረምሳው እየዘለለ ይገባል፤ ሥሩ ግንቡን ያቀፈው ዛፍ ላይ ሳይቀር ሰው ይሰቀላል። በጎንደር ሕዝብ ይሰብሰብ ቢባል ከዚያ የሚበልጥ ቦታ የለም።

እቴጌ ምንትዋብም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ራቅ ብለው ቁስቋም ላይ የራሳቸውን ቤት አሠሩ። ሹክሹክታውን ሸሽተው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ምን ዋጋ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚያው ቁስቋም አረፈ። በፈንጣጣ የታመሙ የቤተ መንግሥት ልጆች እንዲያክም ተብሎ ነው። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው። አገሩ ተመልሶም ያየውን የሰማውን በአምስት ቅጽ ጻፈው። የእኔ ጎረቤቶች ቢያንስ አይጽፉም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የፋሲል ግቢ ነው። የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። የሣልሳዊ ዳዊት የዘፈን ቤትም አለ። አንዱ ዝም ብሎ እንዲያነብ፣ ሌላው ማሲንቆውን እንዲገዘግዝ፣ በአንድ አጥር ውስጥ። እኔ ባለሁበት ግቢም ነገሩ ያው ነው፤ የዘፈን ቤቱ የጎረቤቴ ስፒከር ከመሆኑ በቀር።

ብቸኝነት ሲናፍቀኝ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እሄዳለሁ። ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ከተማዋን ሲያቃጥሉ ይህን ቤተ ክርስቲያን ንብ ጠበቀው ይባላል። መንጋው ተነሥቶ አላስጠጋ አላቸው። ሌላው ምእመን ሻማውን ሲያበራ እኔ ስለ ንቡ አስባለሁ። አንድ ቀፎ ብቻ፣ በሬ ላይ። ከዚያ ቀና ስል ጣሪያው ሙሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ሁሉም ዓይኑን ወደ እኔ አፍጥጦ። ልብ ብሎ ላየው ፊቱ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የታዘበ ይመስላል፣ አንዱ የገረመው፣ አንዱ ወሬ የሰማ። በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰዓሊ ያን ሁሉ ፊት ከየት ያመጣዋል? ያ ሰውዬ ቡና ጠጥቷል።

ደግሞስ ጎረቤት ከሌለ ሥዕሌን ማን ይገመግምልኛል? ሰሞኑን አንዲት ሴት ስዬ ነበር፤ ከገበያ የምትመለስ፣ ፈገግ ያለች። አከራዬ ሲኒያቸውን ሊወስዱ ገቡና ወገባቸውን ይዘው አዩዋት። ብዙ ቆዩ።

«ማን ሞቶባት ነው?» አሉ።

«ኧረ ማንም አልሞተባትም፣ እማማ።»

«ታዲያ ነጠላዋን ምን አዘቀዘቃት?»

ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። እኔ እዚያ ያመጣሁት ለቀለሙ ስል ነው፤ ቀዩ ፊቷን እንዲያደምቀው። ሸራውን ያዩ የሙያ ጓደኞቼ ስለ ቀዩ ብዙ ተፈላስፈዋል። ሐዘን ለብሳ እንደምትስቅ ግን አንድም ሰው አላየም። ነጠላውን አልነካሁትም። ፊቷ ላይ ሠራሁ። ሳቁን ሙሉ በሙሉ ሳላጠፋ በአንድ ጎኑ ብቻ ተውኩት። በማግስቱ አከራዬ አዩዋትና «አሁን ገና ሰው መሰለች። ባሏ ነው መሰል» ብለው ሲኒያቸውን ይዘው ወጡ። ሥዕሉን የገዛኝ ሰው ርዕሱን ሲጠይቀኝ «ባሏ ነው መሰል» አልኩት። በጣም ጥልቅ ነው አለኝ።

እንግዲህ አሁን ዘዴው ገብቶኛል። እዚህ ከተማ ብቻውን መሆን የፈለገ ሰው ቀድሞ የሰው ግብሩን ይከፍላል። ጠዋት ወጥቼ ግቢውን ዞሬ ሰላም እላለሁ። ሰላምታውን አላሳጥርም፤ እንቅልፉን፣ ልጆቹን፣ ወገብ ሕመሙን፣ የጤፉን ዋጋ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። ለአቦል ሳልጠራ እገኛለሁ። ዕድር በቀኑ እከፍላለሁ። ለቅሶ ላይ ከድንኳን ተከላው ጀምሮ አለሁ። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው በሩን ቢዘጋ «ተዉት፣ ልጁ ደክሞታል» ይባልለታል። አከራዬ እንዲያውም የመጣውን ሰው ከደጅ ይመልሱልኛል። «ሥራ ላይ ነው፣ አትረብሹት!» ሲሉ ድምፃቸው እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ንቤን አገኘሁ ማለት ነው።

ታዲያ ባለፈው ዕድሩ አዲስ ጸሐፊ ይመረጥ ተባለ። እኔ ተጠቆምኩ። «ቤት ነው የሚውለው፣ ጊዜ አለው፤ እጅ ጽሑፉም ያምራል» ተባለና በአንድ ድምፅ ጸደቀ። መዝገቡ እኔ ጋ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍም እኔ ጋ ነው፤ ሌሊት ሰው ከሞተ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ወርኃዊ ስብሰባው የት ይሁን ሲባልም አከራዬ እጃቸውን አወጡ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ እኔ ክፍል። ጸጥታ አለው ብለው።