ደራሲውስ ሞተ፤ ሃንድአውቱ ነው ያልሞተው

ወገን፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሐዋሳ ነው የምማረው። ግቢውን አልጠራም፤ ፋይናል ገና አልተፈተንኩም። ኮርሱ የሥነ ጽሑፍ ቲዎሪና ሂስ ነው።

መጀመሪያ ሃንድአውቱን ልንገራችሁ። የኮፒ ኮፒ ነው። ዋናው ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። የግራው ጠርዝ ተቆርጦ የየመስመሩ የመጀመሪያ ቃል ጭንቅላት የለውም። ገጽ 14 ላይ ደግሞ የአንድ የማላውቀው ሰው አውራ ጣት ጥላ ጥሎበታል። ባለፈው ስለ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴሪዳ ሳነብ «ፈረንስ» የሚል ቁራጭ አገኘሁ። ሪፈረንስ ይሁን ዲፈረንስ ወይስ ኮንፈረንስ ሳልለይ አደርኩ። ሰውየው እኮ «ዲፈረንስ» (ልዩነት) የምትለዋን ቃል አንዲት ፊደል ቀይሮ ነው የሚፈላሰፈው! በፈረንሳይኛ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ሲጻፍ ብቻ የሚታይ ለውጥ። እኛ ጋ ያቺው የምትታየው ተቆርጣ ቀረች።

ሲብስብኝ ሐይቁ ዳር ወርጄ አነባለሁ። አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ አንገቱን ቀብሮ ቆሞ ሲያየኝ ከእኔ ይልቅ እሱ የገባው ይመስላል።

በቋንቋ ሊቁ በሶሱር ግን እቀናለሁ። ስሙን ያስጠራው መጽሐፍ በ1916 እንደ ፈረንጆቹ ሲወጣ እሱ ከሞተ 3 ዓመቱ ነበር። አብዛኛው የተሰበሰበው ከተማሪዎቹ ደብተር ነው። የእኛ ክፍል ደብተር ቢሰበሰብ ምን ይወጣዋል? ዳር ዳሩን «ይሄ ይመጣል!» የሚል ብቻ።

ይሄ ሁሉ ግን ይቻላል። ያንገበገበኝ ሚድ ፈተናው ነው። ጥያቄው ስለ ፈረንሳዊው ሃያሲ ሮላንድ ባርት ነበር። ባርት በ1967 ባወጣው ጽሑፉ ደራሲው ሞቷል ይላል። የአንድን ጽሑፍ ትርጉም ከደራሲው ሐሳብ አትፈልጉ፣ አንባቢው ጋ ነው ማለቱ ነው። እኔም አንባቢ ነኝ ብዬ ደፈርኩ። ይቺን የድሮ ግጥም ጻፍኩ፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ ስቅለቱ፣ ወርቁ ፍቅር። «ተሰቀለ» የምትል አንዲት ቃል መስቀሉንም የአፍቃሪውን ልብ አንድ ላይ ተሸክማለች። አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ይሄን ትፈታዋለች። ገጣሚው ማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። እንግዲህ ባርትን ከዚህ በላይ በምን ላስረዳ?

ከ10 ሦስት አገኘሁ።

ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ ግጥሙ በቀይ ተከቧል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከራሴ ነው መምህር።»

«ሃንድአውቱ ላይ አለ?»

«የለም።»

«በቃ። አንተ ቲዎሪስት አይደለህም።»

ኧረ ጎበዝ! ደራሲውን ገድለን አንባቢውን ደግሞ አፍህን ዝጋ ካልነው ማን ቀረ? ግጥሙ ተሳስቷል ቢሉኝ እቀበል ነበር። አላነበቡትም እኮ! ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሃንድአውቱን ቃል በቃል ገልብጦ 9 አገኘ። የተቆረጡትን ቃላት እንኳ እንደተቆረጡ ነው የጻፋቸው። አልዋሽም፣ ቀናሁ።

ትናንት አንዲት ጁኒየር ሃንድአውቱን ኮፒ ላድርግ ብላ መጣች። የጎደለውን ጠርዝ ወር ሙሉ እየገመትኩ በእርሳስ ሞልቼው ስለነበር ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። አብረን ኮፒ ቤት ሄድን። እርሳሱን ማሽኑ አላነሳውም። አውራ ጣቱ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል።