ማስተካከያ፦ ለነፍሳት በል ዕፅዋት የሚስማሙ ጎረቤቶች

ነፍሳት አጥምደው የሚመገቡ ዕፅዋትን በጓሮ ረግረግ ስለማልማት ቀደም ሲል በቀረበው ጽሑፍ «ውኃ የሚወድ ተክል ሁሉ አብሯቸው ይኖራል» ተብሎ ናና እና ፊላ በምሳሌነት ተጠቅሰው ነበር። ይህ መታረም አለበት።

ውኃ መውደድ ብቻውን መመዘኛ አይሆንም። ቬኑስ ፍላይትራፕ የተባለው ዝንብ አጥማጅ በተፈጥሮ የሚበቅለው በአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና ግዛቶች የባሕር ዳርቻ ሜዳ፣ አሲዳማና ምግብ አልባ በሆነ እርጥብ አሸዋ ላይ ነው። ነፍሳት የሚያጠምደውም አፈሩ የነፈገውን ናይትሮጅን ለማካካስ ነው። ስለዚህ ጎረቤቱም ችጋር የለመደ ሊሆን ይገባል። ቅጠሎቹ መሬት ላይ ስለሚነጠፉ ቁመታም ጎረቤት ፀሐይ ይከለክለዋል። ናና ደግሞ ከአፈር በታች እየተሳበ በአጥማጁ መሀል ብቅ ይላል፤ ሲነቅሉት የአጥማጁን ሥር ይዞ ይወጣል። የፊላ ቦታ ኩሬ ዳር ነው።

ተስማሚዎቹ የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው፦ ፖጎኒያና ካሎፖጎን የተባሉት ቀጫጭን የረግረግ ኦርኪዶች። ክራንቤሪ የተባለው ቀይ ፍሬ የሚያፈራ ተክልም ይሆናል፤ መሬት ለመሬት ስለሚስፋፋ ግን በየጊዜው መከርከም ይፈልጋል።

«ለጎረቤቶቹ ጥቂት ኮምፖስት ይጨመር» የሚለው ምክርም ይሰረዝ። የዝናብ ውኃ ይበቃቸዋል።