የካምፎር ዛፍ ቅጠሉ ስለረገፈ እየሞተ አይደለም

«ካምፎር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ፣ በጸደይ ቅጠሉ ቀልቶ ከረገፈ ውሃ ጠምቶታል፣ በየቀኑ አጠጡት» ያልከው ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ማለት ቅጠል አያረግፍም ማለት አይደለም። እዚህ ካሊፎርኒያ በየመንገዱ ዳር ያሉትን እያቸው፤ ማርችና ኤፕሪል ላይ አዲሱ ቅጠል ሲመጣ አሮጌው ይረግፋል፣ ለጋውም ራሱ ብዙ ጊዜ ቀላ ብሎ ነው የሚወጣው።

እባክህ በየቀኑ አታጠጣው! ውሃ በሚያቁር አፈር ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ያኔ ነው በእውነት የምታጣው። ሥር የሰደደ ዛፍ ከሆነ አልፎ አልፎ፣ ግን ወደ ታች ጠልቆ እስኪገባ አጠጣው።

ሊያሳስብህ የሚገባው ሌላ ነው። ጁላይ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ፣ ብዙውን ጊዜ አፈሩ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ብረት ወይም ማንጋኒዝ አጥሮት ነው። አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን ድንገት ከጠወለገ ደግሞ የፈንገስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ይየው።

ደርቋል ብለህም ለመቁረጥ አትቸኩል። ጃፓን፣ ናጋሳኪ ከተማ፣ ሳኖ መቅደስ ደጃፍ ያሉት ሁለት ካምፎሮች እ.ኤ.አ. በ1945 በአቶሚክ ቦምቡ ተቃጥለው ባዷቸውን ከቀሩ በኋላ እንደገና አቆጥቁጠዋል፣ ዛሬም ቆመዋል።