በኮታ የሚመጣ ፈጠራ የለም

ሰሞኑን በመሀል አዲስ አበባ አንድ የተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርዕይ ሲዘጋ ሁለት ነገር ተነገረን። አንደኛው፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ቁጥሩ አስቀድሞ የተወሰነ የፈጠራ ሥራ ለውድድር የማቅረብ ግዴታ አለበት የሚለው ውሳኔ ነው። ሁለተኛው፣ ለዚህ የሚሆን በጀት አለ ወይ ተብለው የተጠየቁ ኃላፊ የሰጡት መልስ ነው። ችግር ራሱ ብልሃትን ይወልዳል፤ ልጆቻችን ከወዳደቀ ዕቃ ድንቅ ነገር ሲሠሩ አይተናል፤ ስለዚህ ገንዘብ ሰበብ ሊሆን አይችልም አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን በንዴት ወጣሁ።

ውድድሩ ማደጉን አልክድም። ዛሬ ከየትምህርት ቤቱ ተነሥቶ፣ በክፍለ ከተማ ተጣርቶ ከተማ አቀፍ መድረክ ላይ ይደርሳል፤ ከልደታም ከአራዳም የመጣ ልጅ እኩል ጠረጴዛ ያገኛል። ይህ መልካም ነው። ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

ችግር ብልሃትን ይወልዳል የሚለው አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ በፈጠራ ማን ይቀድመን ነበር? ቤተ ሙከራው ከዓመት ዓመት ተቆልፎ የሚውል፣ ሰባና ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል የሚያጭቅ ትምህርት ቤት የፈጠራ ምንጭ በሆነ ነበር። አልሆነም። ችግር ብቻውን የሚያስተምረው ማብቃቃትን ነው። ማብቃቃትን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ሲወጣ የቆመ ሰው ይህን ሙያ ሊንቅ አይችልም። ነገር ግን እዚያም ቢሆን በባዶ እጅ የሚሠራ የለም። መዶሻው አለ፣ የቆርቆሮ መቀሱ አለ፣ ትራፓኖው አለ። ከሁሉም በላይ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ሲያበላሽ እየገሠጸ፣ ሲያቀና ዝም እያለ ዓመት ሙሉ የሚያሳይ ባለሙያ አለ። ኃላፊው ያዩት ዕቃው የወዳደቀ መሆኑን ብቻ ነው፤ ከዕቃው በስተ ጀርባ የቆመውን መምህር አላዩትም። ትምህርት ቤቶቻችን የጎደላቸው ግን እርሱ ነው።

ከዐውደ ርዕዩ አንድ ጠረጴዛ ልጥቀስ። ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጣች የ9ኛ ክፍል ተማሪ የአፈርን እርጥበት ለክቶ የውኃ ፓምፕ የሚያስነሳ መሣሪያ አቅርባለች። ሥራው በካርቶን ላይ የተደረደረ፣ ሽቦው በፕላስተር የተያያዘ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ዓይን አይስብም። አፈሩ ውስጥ የተተከሉት ሁለት ጥቋቁር ዘንጎች ምን እንደሆኑ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ምስማር ተክላ እንደነበር፣ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንደኛው ምስማር እየተበላ እንዳለቀ፣ ያለቀውም ሁልጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተያያዘው መሆኑን አስተውላ ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ የካርቦኑን ዘንግ አውጥታ እንደተካችው ነገረችኝ። ከዚያም በላይ፣ ዘንጉም እንዳይጎዳ ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ እንዳይፈስ፣ ልኬት በሚወሰድበት ቅጽበት ብቻ እንዲያልፍ አድርጋለች።

ፈጠራ ማለት ይህ ነው። ወድቆ፣ የወደቀበትን ምክንያት አግኝቶ፣ መድኃኒቱን ከእጅ ካለው ነገር መፈለግ። ዳኞቹ ግን ሦስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ስንተኛ ክፍል እንደሆነችና ሥራው ለአገር ምን እንደሚጠቅም ጠይቀው፣ ጎበዝ በርቺ ብለዋት አለፉ። ስለ ዘንጉ የጠየቃት የለም። ሽልማቱን የወሰደው መብራቱ የሚያብለጨልጭ የዘመናዊ ከተማ ሞዴል ነው፤ ዳሳሹም ሞተሩም መቆጣጠሪያውም ከነማኑዋሉ ተገዝቶ የተገጣጠመ። በገጣጠመው ልጅ አልፈርድም፤ ያዘዙትን አድርጓል። የምፈርደው የገንዘብን አቅም ከአእምሮ ሥራ መለየት ባቃተው የዳኝነት ሥርዓት ላይ ነው። ገንዘብ ሰበብ አይሆንም ያሉት ኃላፊ ዋንጫውን ለገንዘብ ሰጥተው ወረዱ።

አሁን በዚህ ላይ ኮታ ይጨመርበታል። ኮታ ሲወርድ ምን እንደሚሆን በዚህ አገር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ርዕሰ መምህሩ ውድድሩ አንድ ወር ሲቀረው የፊዚክስ መምህሩን ጠርቶ ቁጥሩን ያስጨብጠዋል። መምህሩ ከኢንተርኔት ያወጣል። እጅ ሲጠጋው ውኃ የሚለቅ ቧንቧ፣ እንቅፋት ሲያገኝ የሚጮህ የዓይነ ስውራን በትር፣ ጭስ ሲሸተው የሚያንባርቅ ደወል በየዓመቱ በተለያየ ስም ይቀርባል። አቅም ያለው ወላጅ ለቴክኒሻን ይከፍላል፤ አቅም የሌለው ልጁን ተስፋ ያስቆርጣል። በመጨረሻ ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳካ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ዐውደ ርዕዩ ሲዘጋ የተዋሰው ዕቃ ለባለቤቱ እንዲመለስ ሥራው ይፈታል፤ በማግሥቱ ያ ፈጠራ የለም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወስደው የማለፊያውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። መሠረታዊው ትምህርት በዚህ ደረጃ በወደቀበት አገር የፈጠራው ቁጥር ብቻ ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ፣ የምንቆጥረው ነገር ሌላ ነው ማለት ነው። የምንቆጥረው ጠረጴዛ ነው።

ሔማን በቀለን በኩራት የማያነሳ ባለሥልጣን የለም። አዲስ አበባ ተወልዶ በአራት ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ይህ ልጅ የቆዳ ካንሰርን ለማከም ያስችላል ባለው የሳሙና ሐሳብ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የስሪኤም ኩባንያን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አሸንፎ 25,000 ዶላር ተሸልሟል። ሐሳቡ የመነጨው ኢትዮጵያ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ካያቸው የቀን ሠራተኞች ነው። ታሪኩን የምንተርክበት መንገድ ግን እዚህ ላይ ይቆማል። ያ ውድድር ለመጨረሻው ዙር ላለፈ ልጅ ሁሉ ከኩባንያው ሳይንቲስቶች አንድ አማካሪ መድቦ ክረምቱን በሙሉ አብሮት እንዲሠራ ያደርጋል። መድረኩ የመጨረሻው ቀን ብቻ ነው፤ ሥራው የተሠራው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ነው። እኛ የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ቀድተን ወራቱን ትተናቸዋል፤ ወራቱንም ችግር ይሞላቸዋል ብለናል።

አማካሪ ከየት ይመጣል የሚል አይጠፋም። አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ አራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪዎች አሉ። ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በእግር የሚደረስበት ርቀት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሙያ ማሠልጠኛው ተግባረ ዕድ አለ፤ ቶርኖውም ሞርሳውም እዚያ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቢከፍት ምን ይጎድልበታል? በ2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየም ልጆቻችን በወረፋ ገብተው ከመጎብኘት አልፈው የሚሠሩበት ጥግ ቢኖረው ማን ይከለክላል? ለአንድ ትምህርት ቤት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ቴስተርና መበየጃ የያዘ አንድ ቁም ሣጥን ለመሙላት የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ ዐውደ ርዕይ ባነር፣ ድንኳንና የድምፅ ማጉያ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሌላም የተዘነጋ ነገር አለ። አገሪቱ የፈጠራ ሕግ አላት። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለትልልቅ ፈጠራዎች ብቻ ሳይሆን ለአነስተኛ ፈጠራም ለ5 ዓመት የሚጸና፣ ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ ጥበቃ ይሰጣል። ለልጆቻችን ሥራ የተሰፋ የሚመስል ድንጋጌ ነው። ሆኖም ጎብኚው ሁሉ ሥራውን በስልኩ እየቀረጸ ሲሄድ፣ የጥበቃ ማመልከቻ አስገብታችኋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድም ሰው በዚያ አዳራሽ አላየሁም። ሥራን ለአደባባይ አውጥቶ ባለቤቱን ያለ ከለላ መተው ማበረታታት አይባልም።

ስለዚህ ኮታው መስከረም ከመጥባቱ በፊት ይሰረዝ። የግድ ቁጥር ካስፈለገ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራው በሳምንት ስንት ቀን እንደተከፈተ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ በዚያ ወር ስንት ተማሪ መሣሪያ ጨብጦ እንደሠራ በየወሩ ሪፖርት ያድርግ። ለውድድር የሚመጣ ትምህርት ቤትም ይህንኑ ሪፖርት ከሥራው ጎን ይለጥፍ፤ ዳኞችም ነጥብ ከመስጠታቸው በፊት መጀመሪያ እርሱን ያንብቡ።